በአባትሽ አርባ ምን ብትናገሪ ይሻላል?

እግዚአብሔር ያጥናሽ እህቴ። «አባቴ ዝምተኛና ጸሎተኛ ሰው ነበር፤ በአርባው ለሚሰበሰበው ዘመድ ምን ልበል?» ብለሻል። እኔም ካቻምና ደርሶብኛል። መጀመሪያ «ደግ፣ ትሁት፣ ሃይማኖተኛ» ብዬ ጻፍኩ። ሳነበው የማንም አባት ሊሆን ይችላል። ቀድጄ ጣልኩት።

ከዚያ አንድ ነገር ብቻ አወራሁ። አባባ ሌሊት 10 ሰዓት ተነስቶ ዳዊት ሲደግም መብራት አያበራም ነበር፤ እንዳያነቃን። ጋቢውን ተከናንቦ፣ በጧፍ ብርሃን፣ ከንፈሩን ብቻ ያንቀሳቅሳል። ሲጨርስ የሁላችንንም የክርስትና ስም አንድ በአንድ ይጠራል። የኔ ጋ ሲደርስ ትንሽ ይቆያል። (አመለኛዋ እኔ ነበርኩ፣ ምን ይደረግ።) ይህን ስናገር የእድሩ ሰዎች ሳይቀሩ እንባቸውን ጠረጉ።

ሰዓቱን ግን አስቢበት። ካህናቱ ጸሎቱን እንደጨረሱ፣ ምግብ ሳይቀርብ ተናገሪ። እንጀራው ከወጣ በኋላ ማን ይሰማሻል? እንባ ከቀደመሽም ችግር የለም፤ ሰማንያው አለ፣ ሙት ዓመቱም አለ። እስከዚያው ማታ ማታ እናትሽ አጠገብ ቁጭ በይና ስለሱ ጠይቂያት። አንቺ ሳትወለጂ የነበረውን አባትሽን የምታውቀው እሷ ናት።