ራመን ይበላል ወይስ ይጠጣል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። ባለፈው ቅዳሜ ማታ ከጓደኞቼ ጋር አንድ የእስያ ምግብ ቤት ገብተን ዘና ብለን ራት በላን፤ ያዘዝነውም ራመን ነው፣ ማለትም ኑድል (እንደ ፓስታ የረዘመ ሊጥ) በመረቅ የሚቀርብበት የጃፓን ምግብ። በማግስቱ ለእኅቴ «ራመን ጠጣሁ» ብዬ ብጽፍላት «ራመን ይበላል እንጂ ይጠጣል እንዴ?» ብላ መለሰችልኝ። እኔ ሾርባ ስለሆነ ነው እንደዚያ ያልኩት። ማናችን ነን ልክ? ደግሞስ፣ ሰዎች ኑድልሶቹን ድምፅ እያሰሙ ሲስቧቸው በአማርኛ ምን አደረጉ እንላለን?

መልስ፦ እኅትዎ ስለ ኑድሉ ልክ ናቸው፤ እርስዎም ስለ መረቁ ልክ ነዎት። ስለ ራቱ በጥቅሉ ሲያወሩ ግን የእኅትዎን ይያዙ፦ «ራመን በላሁ»።

አማርኛ ወደ አፍ የሚገባውን ሁሉ በአንድ ግሥ አይጨርሰውም። ማር ይላሳል፤ ከረሜላ ይመጠጣል፤ ማስቲካ ይታኘካል፤ ኪኒን ይዋጣል። ግሡን የምንመርጠው አፍና ጉሮሮ የሚሠሩትን አይተን ነው። የቀረበበት ዕቃ ወይም የተበላበት መሣሪያ ለውጥ አያመጣም። ሾርባ በማንኪያ እየተጨለፈ እንኳ «ይጠጣል» የምንለው ለዚህ ነው። «ራቴን ሾርባ ጠጥቼ ተኛሁ» ያለን ሰው ማንም አያርመውም። «ሾርባ በላሁ» የሚል አነጋገር አሁን አሁን መስማቴ አልቀረም፤ እኔ እንግሊዝኛው ተጭኖት ነው እላለሁ፤ በእንግሊዝኛ በማንኪያ የሚወሰድ ሾርባ ይበላልና። ሥጋውና አትክልቱ ከፈሳሹ በዝቶ ጥርስ የሚያሠራ ከሆነ ግን «በላሁ» ያለውን አልቃወምም።

ራመን ታዲያ የሚበላውንም የሚጠጣውንም በአንድ ጎድጓዳ ሳህን ይዞ ይመጣል። የሚበላውን ሰው ልብ ብለው ይዩት። መጀመሪያ በቾፕስቲክ (በሁለቱ ቀጫጭን የመብያ ዘንጎች) ኑድሉን ከመረቁ ውስጥ ያወጣል፣ ያነሣል፣ ይስባል፣ ያኝካል፤ እስከዚህ ድረስ እየበላ ነው። ኑድሉ ሲያልቅ ቾፕስቲኩን ያስቀምጥና ሳህኑን በሁለት እጁ አንሥቶ ከንፈሩ ላይ ያስጠጋዋል፤ ያኔ መጠጣት ጀመረ። ስለዚህ «ራመኑን በልቼ መረቁን ጠጣሁ» ቢሉ ዐረፍተ ነገሩ ራቱን እንደ ነበረው ይናገራል። ሳህኑ ታች ምንም ካልቀረ ደግሞ «መረቁን ጨለጥኩት» ይበሉ፤ «ጠጣሁት» መጨረስዎን አይናገርም፣ «ጨለጥኩት» ይናገራል።

በጥቅሉ «በላሁ» ያልኩበት ምክንያት ከምግቡ ስም ይነሣል። «ራመን» ወደ ጃፓንኛ የገባው ከቻይንኛው «ላምየን» ነው፤ «ላ» መሳብ፣ «ምየን» ኑድል ማለት ነው። ስያሜው የተሳበውን ሊጥ የሚጠራ እንጂ መረቁን የሚጠራ አይደለም። ጃፓኖች ራሳቸው ራመንን «ታቤሩ» (መብላት) በሚለው ግሥ፣ ሚሶ ሾርባን (ከተብላላ አኩሪ አተር የሚሠራውን) ግን ብዙውን ጊዜ «ኖሙ» (መጠጣት) በሚለው ይናገሩታል፤ ሚሶው ከሳህኑ ጠርዝ ይጠጣልና። ቻይናዎችም ሾርባ ይጠጣሉ፣ ኑድል ይበላሉ። አማርኛና እነዚህ ሁለት ሩቅ ቋንቋዎች ሳይመካከሩ እንዲህ መስማማታቸው ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። መድኃኒት ላይ ሲደርሱ ግን ሁሉም በየራሱ መንገድ ይሄዳል፦ ኪኒን በጃፓንኛ ይጠጣል፣ በቻይንኛ ይበላል፣ በእኛ ይዋጣል። ኮሪያኛ ከሁሉም ይለያል፤ በዕለት ተዕለት ንግግር የመብላቱ ግሥ ለውሃም ለአልኮልም ያገለግላል።

አማርኛም ሁለቱን የሚያቅፍ ግሥ ሲፈልግ አያጣም። «ቀመሰ» ለእህሉም ለውሃውም ይሆናል፤ ነገር ግን ጥቂት መውሰድን ያሳያል፤ ሳህኑን ባዶ ያደረገ ሰው «ቀመስኩ» ካለ ትሕትና እንጂ እውነታው አይደለም። «ተመገበ» ሰፊ ነው፣ ለጽሑፍም ያምራል፤ ለእኅት በሚላክ መልእክት ላይ ግን ይከብዳል።

«ኑድልሶቹን» ያሉትን ሳላነሣ አላልፍም። በቃሉ መጨረሻ ያለችው «ስ» የእንግሊዝኛ ብዙ ቁጥር ናት፤ «ኦች» ሲጨመርባት ቃሉ ሁለት ጊዜ በዛ። «ኑድል» ይበቃል። ሩዝና ፓስታ ስንበላ «ሩዞቹን»፣ «ፓስታዎቹን» አንልም፤ ኑድልም ከእነርሱ ጋር ይሰለፍ፦ «ኑድሉን በላሁት»። «ቾፕስቲክስ»ም እንደዚሁ «ቾፕስቲክ» ይሁን። አንዳንዶች «የመብያ እንጨት» ሊሉት ይሞክራሉ፤ የኮሪያው ግን ብዙውን ጊዜ ከብረት የተሠራ ስለሆነ ስሙ አይገጥመውም፤ በተውሶው ቃል መቀጠል ይሻላል።

ድምፅ እያሰሙ ስለመሳብ የጠየቁት ላይ ጃፓንኛ «ሱሱሩ» የሚል የራሱ ግሥ አለው። እኛ ደግሞ «ማገ» አለን፤ ትኩስ ነገርን ከትንፋሽ ጋር ወደ ውስጥ መሳብ ማለት ነው። «ትኩሱን ሻይ ማገው» ሲባል ድምፁ ከነሙቀቱ ይሰማል። ጓደኛዎ ራመኑን እንዲያ አድርጎ ከሆነ «ኑድሉን ከነመረቁ ማገው» ይበሉ። «ፉት አለ» ግን ለዚህ አይሆንም፤ እርሱ በከንፈር ጫፍ፣ ጥቂት ጥቂት ለሚወሰድ ነው፤ ከራቱ በኋላ ለሚመጣው አረንጓዴ ሻይ ያቆዩት።