አፓቼ ወይስ ቦክሰር? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሥራዬ ቡና ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ከጅማ አጋሮ፣ ከአጋሮ ደግሞ ወደ ጎማ ወረዳ ቀበሌዎች እመላለሳለሁ። እስከ አጋሮ አስፋልት ነው፤ ከዚያ ወዲያ 12 ኪሎ ሜትር ያህል የአፈር መንገድ። አልፎ አልፎ ሰው አፈናጥጣለሁ፣ የቡና ናሙናም እጭናለሁ። ሁለት ሞተር አይቻለሁ፤ አፓቼ 200 እና ቦክሰር 150። ልቤ አፓቼው ጋ ነው። ባለቤቴ ግን «ቦክሰሩን ግዛ፣ ጋራዥ ለጋራዥ አትንከራተት» ትለኛለች። ቢያንስ ስድስት ዓመት ልይዘው ነው ሐሳቤ። ምን ትመክሩኛላችሁ?
(ቡና ነጋዴው፣ ከጅማ)

መልስ፦ መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ። ከጅማ አጋሮ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የአፈሩን 12 ሲጨምሩበት ደርሶ መልሱ 114፣ በሳምንት ሁለቴ 228 ይሆናል። ለከተማ ውስጥ ሩጫ 60 ቢይዙለት ዓመቱ ሲሞላ 15,000 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ በስድስት ዓመት 90,000። ከዚህ ሁሉ የአፈሩ መንገድ አንድ ስድስተኛ ብቻ ነው። ሞተርዎን የሚያስረጀው ግን ይኸው አንድ ስድስተኛ ነው። (ወረዳው ስሙም ጎማ ነው፤ ጎማም ይበላል።)

አስፋልቱ ላይ ልብዎ አልተሳሳተም። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍ ያለች ናት፤ አየሩ ሲሳሳ ሞተር በየ1,000 ሜትሩ አንድ አሥረኛ ያህል ጉልበት ያጣል። ከፋብሪካ 12 የፈረስ ጉልበት ይዞ የወጣው ቦክሰር እዚህ 10 ገደማ ይቀረዋል፤ 20 የሚባለው አፓቼ ወደ 17 ይወርዳል። ሰው አፈናጠው ዳገት ሲወጡ ቦክሰሩ ማርሽ ያስቀንስዎታል፣ አፓቼው አያስቀንስም። የፊት ዲስክ ፍሬኑም እርጥብ አስፋልት ላይ ከቦክሰሩ ታምቡር ፍሬን በብዙ ይሻላል። ይህን አንክድም።

ችግሩ ከአጋሮ ወዲያ ይጀምራል። የአፓቼው የፊት ፓራፋንጎ (ጭቃ መከላከያው) ጎማውን ሊነካ ጥቂት ነው የሚቀረው። ሸክላማው ቀይ አፈር ሲርስ እዚያች ክፍተት ውስጥ እየተጠቀጠቀ ይገባል፤ መሪው መጀመሪያ ይከብዳል፣ ቀጥሎ የፊት ጎማው መዞሩን ትቶ እንደ በረዶ መንሸራተቻ ይጎተታል። ያኔ ወርዶ በእንጨት መፈልፈል ነው፤ ሃምሳ ሜትር ሄዶ ደግሞ እንደገና። ቦክሰርም ከዚህ ነፃ አይደለም። ለእሱ ግን በያጅ ጋ ወስዶ የፓራፋንጎውን ማሰሪያ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ማስረዘም ይበቃል።

ሁለተኛው ቸርኬ ነው። አፓቼው ድፍን ቸርኬ ያለው፣ ያለ ካላማዳሪያ የሚሠራ ነው። ሚስማር ሲወጋው ቀስ ብሎ ስለሚተነፍስ አስፋልት ላይ መልካም ነገር ነው። ድንጋይ ወይም የጉድጓድ ጠርዝ ሲመታው ግን ከንፈሩ ይጎብጣል፣ አየርም በዚያው ያመልጣል። ጎሚስታው በመዶሻ ሊያቀናው ሲል የሚሰነጠቅ ጥቂት አይደለም። ባለሽቦ ቸርኬ ሲመታ ይጣመማል እንጂ አይሰነጠቅም፤ ሽቦውን አጥብቆና አላልቶ የሚያቀናው ሰው በየከተማው አለ። ስለዚህ ቦክሰርም ቢሆን ባለሽቦውን ይምረጡ። በወር አንድ ጊዜ ሽቦዎቹን በትንሽ ቁልፍ ነካ ነካ ያድርጓቸው፤ ከሌሎቹ ተለይቶ የታፈነ ድምፅ የሚሰጠው ላልቷል።

ሦስተኛው ቤንዚን። ማደያ ላይ ሲጠፋ በጀሪካንና በሃይላንድ የሚሸጠውን መቅዳትዎ አይቀርም፤ ያ ደግሞ ውኃና ቆሻሻ አያጣም። በጨርቅ ማጥለል ቆሻሻውን እንጂ ውኃውን አያስቀርም። ካርቡራተር ላለው ሞተር መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከሥር ያለችውን ማፍሰሻ ቡሎን በካቻቢቴ ማላላት፣ ውኃው እስኪወጣ ማፍሰስ፣ መልሶ ማጥበቅ። አፓቼ 200 ካርቡራተር ያለውም ኢንጀክሽን (ቤንዚኑን በኮምፒውተር እየመጠነ የሚረጭ) የሆነውም አለ። ኢንጀክሽኑን ከወሰዱ ፖምፓው ሰልባቲዮው (የቤንዚን ታንከሩ) ውስጥ ተቀምጦ በቤንዚኑ የሚቀዘቅዝ ስለሆነ ከሩብ በታች እያደረጉ መንዳት ሊያቃጥለው ይችላል። ሲበላሽም በካቻቢቴ አይፈታም፤ ኮምፒውተር የያዘ ሠሪ ያስፈልጋል።

መለዋወጫው ላይ ብዙ አንከራከርም። ቦክሰርን የሚሠራው ሦስት እግር ባጃጁን የሚሠራው ፋብሪካ ነው፤ ዕቃው ሁሉ አንድ ባይሆንም የጅማ ሠሪ እጅ ለምዶታል። ሁለት ቫልቭ ስላለው ቫልቭ ማስተካከሉም አጭር ሥራ ነው። የአፓቼ 200 አራት ቫልቭና የዘይት ማቀዝቀዣ የሚያውቀው ሠሪ አለ፣ ግን ፈልገው ነው የሚያገኙት። ማቀዝቀዣው ላይ ጭቃ ከደረቀበትም ሥራውን ያቆማል።

እንግዲህ ቦክሰሩን ይግዙ። ባለቤትዎ ልክ ናቸው፤ ከጋራዡ ይልቅ ግን ጭቃውን ቢያነሡ ኖሮ ክርክሩን ቶሎ ይጨርሱት ነበር። መንገድዎ አጋሮ ላይ የሚያበቃ ቢሆን መልሳችን ሌላ ይሆን ነበር።

ቦክሰሩ 90,000 እንዲደርስልዎ ሦስት ነገር አይዝለሉ። ዘይቱን (20ደብሊው50) በየ2,500 ኪሎ ሜትር ይቀይሩ፤ በእርስዎ አካሄድ በዓመት ስድስት ጊዜ ማለት ነው። የአየር ፊልትሮውን በበጋ በየሁለት ሳምንቱ ይክፈቱ፤ አቧራ አልፎ ሲገባ ፒስተንና ፋሻ (የፒስተኑን ቀለበት) እንደ ብርጭቆ ወረቀት ነው የሚፍቀው። በክረምት ደግሞ በወር አንዴ ጎማዎቹን አስፈትተው የታምቡሩን ውስጥ ያስጠርጉ፤ ጭቃው የፍሬን ሸራውን ይጨርሰዋል። ውኃ ከተሻገሩ በኋላ ፍሬኑን ለጥቂት ሜትር ቀለል አድርገው ይዘው ይንዱ፣ ሙቀቱ ሸራውን ያደርቀዋል። ይህን ሳያደርጉ ቁልቁለት አይጀምሩ።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ሞተር ልገዛ ነው። ኪሎ ሜትሩ 18,000 ይላል፣ ሻጩም ይምላል። በምን ላረጋግጥ?
(ከሰቃ)

መልስ፦ ቆጣሪውን ይተዉት፤ ገመዱ ተነቅሎ ስንት ወር እንደተነዳ አይናገርም። የእግር ማሳረፊያውንና የማርሽ መርገጫውን ጎማ ይዩ። በ18,000 የጎማው መስመር ገና መታየት አለበት፤ ልሙጥ ከሆነ ወይም ያልተጠበቀ አዲስ ከሆነ ይጠራጠሩ። ሰንሰለቱን ከኋላው ጥርስ ላይ በጣትዎ ወደ ኋላ ይሳቡት። ጥርሱ እስከ ግማሹ ከታየ አልቋል፤ የፊትና የኋላ ጥርሱም አብሮ ይቀየራልና ዋጋው ላይ ያስቡት።

ሲሄዱ ሻጩ ሞተሩን አሙቆ ከጠበቀዎት «ነገ ጠዋት እመለሳለሁ» ይበሉት። ቀዝቃዛውን ሲያስነሡ ለአፍታ ሰማያዊ ጭስ ብቅ ብሎ ከጠፋ የቫልቭ ጎሚኒ (የዘይት ማገጃ ላስቲክ) ነው፣ ብዙ አያስወጣም። ጋዝ ሲሰጡት ሁሉ ሰማያዊ ካጨሰ ፋሻው አልቋል፤ ያ ትልቅ ሥራ ነው። ጥቁር ጭስ ቤንዚን መብዛቱ ስለሆነ አይስጉ። ከዚያ በሦስተኛ ማርሽ ዳገት ያስወጡት፤ ድምፁ እየጨመረ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። በመጨረሻ የፊት ጎማው ከመሬት እንዲነሣ አስደርገው መሪውን ከዳር ዳር ያዙሩት። መሐል ላይ እንደ ቀዳዳ ገባ ብሎ የሚቆም ከሆነ የመሪው ኩሽኔታ ተበልቷል።

ሊብሬው ላይ ያለው የሻሲና የሞተር ቁጥር ብረቱ ላይ ካለው ጋር አኃዝ በአኃዝ መግጠም አለበት። አንዷ እንኳ ተፍቃ ከታየች ቀብድ አይስጡ።

ጥያቄ፦ ዘይት ሲጎድል እየጨመርኩበት ብነዳ መቀየር ያስፈልጋል?
(ከአጋሮ)

መልስ፦ ያስፈልጋል። የእነዚህ ሞተሮች ዘይት ፒስተኑን ብቻ ሳይሆን ማርሹንና ፍሪሲዮኑንም የሚያጥበው እሱው ነው፤ የብረቱና የፍሪሲዮኑ ብናኝ ሁሉ ውስጡ ይቀራል። አዲስ ሲጨምሩበት ብናኙ አይወጣም። ሲቀይሩም ሞተሩን አምስት ደቂቃ አሙቀው ያፍስሱት፤ በቀዝቃዛው ካፈሰሱት ዝቃጩ ከሥር ተኝቶ ይቀራል። የመኪና ዘይት አይጨምሩበት፤ ፍሪሲዮኑን ያንሸራትተዋል።