«ከጨረቃ ደሞዝ አይመጣም» ላሉት አባት ልጅ

ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የጻፍሽልኝ የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። በሌሎች ዓለማት ሕይወት ተገኝቶ በዝግመተ ለውጥ ሊያድግ ይችላል ወይ የሚለውን የሚያጠና ሙያ፣ ማለትም አስትሮባዮሎጂ፣ ትፈልጊያለሽ። አባትሽ ደግሞ «ከጨረቃ ደሞዝ አይመጣም፤ ፋርማሲ ተማሪና እዚሁ ሰፈር መድኃኒት ቤት እንከፍታለን» ብለዋል። ፊዚክስ ይሻለኛል ወይስ ባዮሎጂ ብለሽም ጠይቀሻል።

አባትሽ አንድ ነገር ላይ ልክ ናቸው። በዚህ ሙያ ስም የወጣ የሥራ ማስታወቂያ እዚህ አገር አላየሁም። ውጭ አገርም ቢሆን ሰዎቹ መጀመሪያ ባዮሎጂስት፣ ኬሚስት፣ ጂኦሎጂስት ወይም ፊዚሲስት ናቸው። የሚያገናኛቸው ጥያቄው ነው።

ጠፈር ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ቴሌስኮፕ ብቻ ነው። እሱም አለ፤ እንጦጦ ላይ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። በሌሎች ከዋክብት ዙሪያ ከ5,000 በላይ ፕላኔቶች መኖራቸው የተረጋገጠውም በቴሌስኮፕ ነው። ሒሳብ ከወደድሽ በዚያ ሂጂ። እኔን ካልሽኝ ግን ማይክሮባዮሎጂ፣ የረቂቅ ተሕዋስያን ጥናት፣ እልሻለሁ። ምክንያቴ ዳሎል ነው።

አፋር ውስጥ ያለው የዳሎል ውሃ የፈላ፣ በጨው የጠገበ፣ የአሲድነት መለኪያው ፒኤችም ከዜሮ በታች የሚወርድ (ባነሰ ቁጥር አሲዱ ይበረታል) ነው። ሌሎች ዓለማትም እንዲህ ከባድ ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ ተመራማሪዎች ከአውሮፓ ድረስ የሚመጡት ሕይወት የት ድረስ መቋቋም እንደሚችል ለማየት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ሁለት ቡድኖች የማይጣጣም ውጤት አወጡ። አንደኛው ከጨው ክምችቱ ውስጥ እጅግ ደቃቅ ሕዋሳት አገኘሁ አለ። በፈረንሳይ ተመራማሪዎች የተመራው ሌላው ቡድን ግን አሲድና ጨው አብረው በበረቱባቸው ኩሬዎች ሕይወት የለም፣ በዙሪያው ባለው የጨው ሜዳ ግን አለ አለ። ከሰውና ከላቦራቶሪ የገባውን ብክለትም ለይተው አወጡ። ኩሬዎቹ ውስጥ ሕይወት የለም መባሉ ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ። ውሃ ባለበት ሁሉ ሕይወት አለ ማለት አይቻልም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 የተነሳችው የናሳ መንኮራኩር ዩሮፓ ክሊፐርም በ2030 ጁፒተር ጋ ስትደርስ የምትመረምረው፣ ዩሮፓ ከተባለችው የጁፒተር ጨረቃ በረዶ ሥር ያለው ባሕር ለሕይወት ይመቻል ወይ የሚለውን ነው። ሕይወቱን ራሱን አትፈልግም።

ዳሎል ያለው እኛ አገር ነው። ናሙናውን የሚመረምር ኢትዮጵያዊ ቢበዛ ደስ ይለኛል።

ወደ እንጀራው ልመለስ። ማይክሮባዮሎጂ የተማረ ሰው በውሃ ምርመራና በምግብና መጠጥ ፋብሪካ የጥራት ቁጥጥር ይሠራል። ካንቺ ሰፈር ብዙ ሳይርቅ ገላንና ዱከም በፋብሪካ የተሞሉ ናቸው። አዲስ አበባ ከምትጠጣው የጉድጓድ ውሃም ብዙው የሚወጣው ከአቃቂ ነው። አልዋሽሽም፣ የጀማሪ ደሞዙ አያኮራም።

ዲፓርትመንት የሚደለደለው በፍላጎትና በውጤት ነው፤ ስለዚህ ፍሬሽማን ላይ ኬሚስትሪሽን አደራ። እግረ መንገድሽንም ፓይተን የሚባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ጀምሪ፤ የዘረመል መረጃ ያለ ኮምፒውተር አይነበብም።

አባትሽን አትጋፈጪ። ማርስን ተይና ስለ ላቦራቶሪ ሥራው ንገሪያቸው፤ ከተቻለም እዚያ የሚሠራ ሰው አገናኚያቸው። ፋርማሲ ካልሆነ ካሉም ግቢ። ኬሚስትሪውም ማይክሮባዮሎጂውም እዚያ አለ፤ ለሁለተኛ ዲግሪ መስመር መቀየር ይቻላል።