ማዕቀብ ይሠራል ወይ ላልከው

ወንድሜ፣ «አንድ አገር ጥይት ሳይተኩስ፣ በኢኮኖሚ ማዕቀብ ብቻ ደህንነቱን ማስጠበቅ ይችላል ወይ?» ብለህ ጠይቀሃል። ይችላል። ግን የሚያመውን ቦታ ከነካ ነው። ማዕቀብ ተጣለ ሲባል እኔ መጀመሪያ የማየው ምን እንደተተወ ነው።

እዚህ ጎንደር ፒያሳ፣ ጣልያን በሠራው ፖስታ ቤት በኩል ባለፍኩ ቁጥር ይሄው ነገር ትዝ ይለኛል። ጣልያን በ1935 እ.ኤ.አ. ሲወረን የመንግሥታት ማኅበር በኅዳር ወር ማዕቀብ ጣለበት። መሣሪያ እንዳይሸጥለት፣ ብድር እንዳይሰጠው፣ ዕቃውም እንዳይገዛ ተባለ። ነዳጁስ? አልተነካም። ከሰልና አረብ ብረትም እንደዚያው። የስዊዝ ቦይ ክፍት ስለነበር ወታደሩ በዚያው እያለፈ መጣ። አውሮፕላኑ ነዳጅ ሳያጣ በሕዝባችን ላይ መርዝ ረጨ። በሚያዝያ 1936 ጎንደር ተያዘች። በሐምሌ ማዕቀቡ ራሱ ተነሣ! ይሄ እስካሁን ያንገበግበኛል።

የዛሬው ማዕቀብ ዋና ጉልበቱ ባንክ ነው። የዶላር ክፍያ በአብዛኛው በአሜሪካ ባንኮች በኩል ስለሚያልፍ፣ የሌላ አገር ባንክም ቅጣት ፈርቶ ይሸሻል። ከመተማ ማዶ ያሉት ጎረቤቶቻችን ይህን በደንብ ያውቁታል። አሜሪካ በ1997 እ.ኤ.አ. ሱዳን ላይ የጣለችው ሰፊ የንግድ ማዕቀብ የተነሣው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። 20 ዓመት! መድኃኒት በሕግ ተፈቅዶ እያለ፣ ክፍያውን የሚያስተላልፍ ባንክ ማግኘት ፈተና ነበር። የሱዳኑ መሪ አልበሽር ግን እስከ 2019 እ.ኤ.አ. ሥልጣን ላይ ቆዩ። ያወረዳቸውም የገዛ ሕዝባቸው አመፅና የገዛ ጦራቸው ነው።