ለአደሱ ማዳበሪያ አይጨምሩ፤ መጀመሪያ ሥሩን ይዩ

እህታችን፣ ከችግኝ ሻጭ ገዝተው የተከሉት አደስ ክረምቱ ከገባ ወዲህ ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ እንደሚረግፍ ገልጸው፣ ምን ዓይነት ማዳበሪያ እንደሚሻለው ጠይቀዋል። ከእኔ በፊት የመለሱት ወንድሞች ዩሪያ እንዲጨምሩ መክረዋል፤ እኔ ግን እባክዎ አይጨምሩ እላለሁ። ዝናብ በበዛበት ወቅት አደስ ቢጫ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ ምግብ አጥሮት ሳይሆን ሥሩ ውኃ ውስጥ ተቀምጦ አየር ስላጣ ነው፤ በታመመ ሥር ላይ ዩሪያ ሲጨመር ደግሞ ያቃጥለዋል።

እኔ የምኖረው አቃቂ በኩል ሲሆን አፈራችን ዋልካ ነው፤ የእርስዎም ከዚህ የተለየ አይመስለኝም። በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ደግሞ የጠጣውን ውኃ አይለቅም። ስለዚህ፦

1. አደስ ጉብታ ላይ ይተከል። የግቢውን አፈር ከብስባሽና ከወንዝ አሸዋ ጋር ቀላቅለው ከመሬቱ ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያድርጉት። ቦታው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያገኝ ይሁን።

2. ከመትከልዎ በፊት ላስቲኩን ቀድደው ሥሩን ይመልከቱ። ይህን የምለው ብዙ ገንዘብ ከፍዬበት ነው። ቁመቱ ወገብ የሚደርስ፣ አበባ የያዘ አደስ ከአንድ ችግኝ ጣቢያ የትንሹን ዋጋ እጥፍ ድርብ ከፍዬ ገዛሁ። ሻጩ ራሱ ሰው ልኮ ተከለልኝ፤ ክረምቱ ሳይወጣ ደረቀ። ቆፍሬ ሳወጣው ሥሩ ከላስቲኩ ግርጌ እንደ እንቅብ መቀመጫ ዙሪያውን ተጠማዞ ነበር፤ ወደ አፈሩ የዘለቀ አንድም ሥር አላገኘሁበትም። ጫፉን በጣቴ ሳብ ሳደርገው ቅርፊቱ ተገፎ እጄ ላይ ቀረ፤ ውስጡ ቀጭን ክር ብቻ ነበር፤ ሽታውም የረጋ ውኃ ሽታ ነው።

ያንኑ ይዤ ጣቢያው ድረስ ሄድኩ። ኃላፊው በእናቱ ዕድሜ የምሆነውን ሴት ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ፣ «እኛ የሸጥንልሽ በሕይወቱ ነው፤ ለቅሶውን እዚህ ልትቀመጪ ነው?» አለኝ። ደረሰኝ እንዲሰጠኝ ስጠይቀውማ «ለችግኝ ደረሰኝ!» ብሎ አጠገቡ ካለው ሰው ጋር ተሳሳቀ። ገንዘቤን አልመለሰልኝም፤ ጊዜው ቢያልፍም ንዴቱ ዛሬም አልወጣልኝም። እርስዎም ትልቅ ችግኝ አያጓጓዎት፤ ከጉልበት በታች የሆነውን ይምረጡ፤ የተጠማዘዘ ሥር ካገኙም ዙሪያውን በስለታም ቢላዋ ከላይ ወደ ታች ሦስት ቦታ ሸርተፍ አድርገው ጫፎቹን ይፍቱ። አደሱ እውነተኛ መሆኑን ለማረጋገጥ ደግሞ አንድ ቅጠል ወደ ፀሐይ ይዘው ይዩት፤ ዘይቱ ያለባቸው ብርሃን የሚያሳልፉ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ይታያሉ፤ ሲያሹትም ሽታው ወዲያው ያውድዎታል። ለአጥር የሚተከሉ ተመሳሳይ ቅጠሎችን አደስ ብለው የሚሸጡ አሉና።

ዛሬ ደጃፌ ላይ ያለው አደስ ከትንሽ ችግኝ አድጎ ቁመቴን አልፏል፤ አምስት ነጫጭ ቅጠሎች ካሉት አበባው መሐል ክሮቹ ተንጨፍርረው ሲወጡ፣ ሽታው ግቢ ከመግባትዎ በፊት ይቀበልዎታል። ጎረቤቶቼ ለራስ ቅቤ የሚሆን ቅጠል ሊጠይቁ ይመጣሉ፤ አልከለክልም፤ መቀሱን ግን ራሴ እይዛለሁ። አበባው የሚወጣው በዓመቱ አዲስ ቀንበጥ ላይ በመሆኑ፣ ጫፉን ሁልጊዜ እንደ አጥር የሚከረክም ሰው ቅጠል እንጂ አበባ አያይም። የሚቆረጠው አበባው ካለፈ በኋላ ነው።

አሁን የእርስዎን አደስ ዙሪያ በጥንቃቄ ጫር አድርገው ጥቂት ሥሮች ይዩ። ነጭና ጠንካራ ከሆኑ ይድናል፤ ዝናቡ ጋብ ሲል ከነአፈሩ አንሥተው ጉብታ ላይ ያስቀምጡት፣ የውኃ መውረጃ ቦይም ያውጡለት። ቡናማ ሆነው የሚላጡ ከሆነ ግን በእናትየዋ ላይ አይድከሙ፤ ገና አረንጓዴ ከሆኑት ቅርንጫፎች አበባ ያልያዙትንና በከፊል የጠነከሩትን በ10 ሴንቲ ሜትር ቁረጡ፤ የታች ቅጠላቸውን አራግፈው፣ እኩል በተቀላቀለ አሸዋና ብስባሽ ውስጥ ሰክተው፣ ግርጌው በተቆረጠ የሃይላንድ ጠርሙስ ሸፍነው ጥላ ሥር ያኑሯቸው። ሥር ለማውጣት ሳምንታት ይፈጅባቸዋልና እስከዚያ «በቅሏል ወይ?» እያሉ እየነቀሉ አይመልከቱ።