ከግል ጥብቅና ወደ ከተማ አስተዳደር ነገረ ፈጅነት፦ ለእህታችን ጥያቄ መልስ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ለዓመታት በግል ጥብቅና ሠርተሻል፤ አሁን አንድ የከተማ አስተዳደር ለሕግ አገልግሎት ክፍሉ ፈልጎሻል፤ «ሥራው በእርግጥ ምን ይመስላል? ሕሊናዬን ሳልሸጥ ልሠራበት እችላለሁ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ስለ ደመወዙና ስለ ደብዳቤው ብዛት ሌሎች አባላት ጽፈውልሻል። እኔ የሥራ ዘመኔን አብዛኛውን በዚህ ወንበር ላይ ስላሳለፍኩ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ትችያለሽ። ነገር ግን ሥራውን ችሎት ቆሞ መከራከር ነው ብለሽ ከገባሽበት ቶሎ ያስመርርሻል። የከተማ ነገረ ፈጅ፣ ማለትም የአስተዳደሩ የሕግ ባለሙያ፣ ዋና ሥራው ውሳኔ ከመሰጠቱ በፊት የሚጽፈው የሕግ አስተያየት ነው። ክሱ ሲመጣ አብዛኛው ነገር አልፏል።

መጀመሪያ ደንበኛሽን እወቂ። በጥብቅና ደንበኛሽ ፊትሽ ቁጭ ብሎ ችግሩን ይነግርሻል፣ ውክልና ይሰጥሻል፣ ካልተግባባችሁም ትለያያላችሁ። እዚህ ደንበኛሽ ከተማው ነው፣ ከተማው ደግሞ ራሱ አይናገርም። በስሙ የሚናገሩት የቢሮ ኃላፊው፣ የክፍለ ከተማው ዋና ሥራ አስፈጻሚ፣ የወረዳው ቡድን መሪ ናቸው፤ እነዚህ ሰዎች እርስ በርሳቸው የማይስማሙበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። የመሬት ክፍሉ «ካርታው ይምከን»፣ ማለትም የይዞታ ማረጋገጫው ይሰረዝ፣ ብሎ ሲጽፍ፣ የግንባታ ፈቃድ ክፍሉ በዚያው ይዞታ ላይ ፈቃድ ሰጥቶ ታገኚዋለሽ። ሁለቱም «የእኛ ነገረ ፈጅ» ብለው ነው የሚጠሩሽ። የማን መሆንሽን ከመጀመሪያው ቀን ካላወቅሽ፣ ድምፁ ከፍ ያለው ሰው ጠበቃ ሆነሽ ትቀሪያለሽ። ኃላፊ ይነሳል፣ ይዛወራል። አንቺ የጻፍሽው የመከላከያ መልስ ግን የከተማው ቃል ሆኖ በመዝገቡ ውስጥ ይኖራል፤ በሌላ ክስ ላይም ተቃራኒው ወገን ያነሳብሻል።

አንድ ማኅደር በቅርበት ላሳይሽ፤ ሥራው ምን እንደሆነ ከዚህ በተሻለ መግለጽ አልችልም። ማኅደሩ ላይ «ለሕግ አገልግሎት፣ በአስቸኳይ አስተያየት ይሰጥበት» ተብሎ ተመርቷል። ጉዳዩ የአጥር ማፍረስ ነው፦ አንድ ቤተሰብ መንገድ ይዞ አጥሯል ተብሏል። ውስጡ የጎረቤቶች አቤቱታ፣ የቀያሽ ሪፖርት፣ የካርታ ቅጂና የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አለ። ላይ ላዩን ሲያዩት የተሟላ ነው። ደብዳቤው ወጪ የሆነው ዓርብ ነው፤ እርምጃው የሚወሰደው ሰኞ ጠዋት። ደብዳቤውን ገልብጬ ጀርባውን አየሁ፤ የተቀባይ ስምና ፊርማ የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው። ለመቀበል እምቢ አሉ የሚል የምስክሮች ቃልም የለም። ከዚያ የካርታውን ስም ከደብዳቤው ስም ጋር አስተያየሁ። አንድ ዓይነት ናቸው፤ ችግሩም እዚያው ላይ ነው፣ ምክንያቱም የጎረቤቶቹ አቤቱታ ራሱ «የሟች ልጆች» እያለ ነው የሚጽፈው። አስተዳደሩ ማስጠንቀቂያ የጻፈው በሕይወት ለሌለ ሰው ነበር።

የጻፍኩት አስተያየት ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ወራሾቹ በስማቸው ይጠሩ፣ ደብዳቤው በፊርማ ይድረሳቸው፣ ማስረጃ ካላቸው ያቅርቡ፣ ከዚያ በኋላ የሚሰጠው ውሳኔ ምክንያቱ ተጽፎበት ይውጣ። የክፍሉ ኃላፊ በጣም ተቆጡ፤ መርሐ ግብር ታጠፈ፣ መንገዱ ዘገየ ተባለ። ወራሾቹ ሲጠሩ አንድ የቆየ የይዞታ ማስረጃ ይዘው መጡ። ቀያሹ እንደገና ለካ፤ ከአጥሩ ገሚሱ በይዞታቸው ውስጥ ሆኖ ተገኘ። የተረፈውን ራሳቸው አነሱት። ክስ የለም፣ እግድ የለም፣ ካሳ የለም። በዓመታዊ ሪፖርት ላይም አልተጻፈም፤ ምክንያቱም ሪፖርቱ የሚቆጥረው የተረታና ያሸነፈ መዝገብ ብቻ ነው። ለእኔ ግን በዚህ ሥራ ከሠራሁት ሁሉ የምኮራበት እንዲህ ያለው ነው።

ያ አጥር ሰኞ ጠዋት ቢፈርስ ኖሮ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1149 መሠረት «ሁከት ይወገድልኝ» የሚል ክስ ይመጣልሽ ነበር። ከክሱ ጋርም በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 154 የእግድ ጥያቄ። ዳኛው «ማስጠንቀቂያውን ማን ተቀበለ?» ብለው ሲጠይቁሽ የምትሰጪው መልስ አይኖርሽም። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ከወጣ ወዲህ ደግሞ አዋጁ በሚመለከታቸው ተቋማት ውሳኔን ከነምክንያቱ በጽሑፍ መስጠት የሕግ ግዴታ ነው። መሬት ለሕዝብ ጥቅም በሚለቀቅበት ጊዜም ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40(8) የሚለው ተመጣጣኝ ካሳ «በቅድሚያ» እንዲከፈል ነው። «ይነሱና በኋላ እናስባለን» ለሚል ኃላፊ ይህንን አንቀጽ ገልጠሽ ፊቱ አስቀምጪለት።

«ግዴለም፣ ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ» የሚሉሽ ሰዎች ያጋጥሙሻል። የፍትሐ ብሔር ሕጉን ከአንቀጽ 2126 እስከ 2128 ያለውን አንብቢላቸው። አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ያደረሰው ጥፋት የሥራ ጥፋት ከሆነ ተጎጂው መንግሥትን ካሳ መጠየቅ ይችላል፤ መንግሥት ደግሞ ዞሮ ሠራተኛውን ሊጠይቅ ይችላል። የሥራ ጥፋት የሚባለውም በቅን ልቦና፣ በሥልጣኔ ክልል ነው ያለሁት፣ ለመንግሥት ጥቅም ነው የምሠራው ብሎ ያመነ ሰው የሚፈጽመው ነው። ሕገ ወጥ መሆኑ በጽሑፍ ተነግሮት የፈረመ ሰው ይህንን ለማስረዳት ይቸገራል። ይህን በእርጋታና በአክብሮት ስታስረጂ ብዙ እጅ ከፊርማ ሲመለስ አይቻለሁ። ማስፈራራት አይደለም፤ ኃላፊውንም ከተማውንም መጠበቅ ነው።

ውል ላይ ሁለት ነገር ብቻ ልበልሽ። አስተዳደሩን የሚያስገድድ ውል በጽሑፍ መሆንና በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት መመዝገብ እንዳለበት የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1724 ይደነግጋል፤ ሥራው ተጀምሮ ውሉ ገና «በዝግጅት ላይ» የሆነበት ፋይል ግን ይመጣልሻል። ሁለተኛው የግልግል አንቀጽ ነው። ተቋራጮች ከሌላ ውል የገለበጡትን የግልግል አንቀጽ እንዳለ ያመጡታል፤ ቀድሞ የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 315(2)፣ እሱ ከተሻረ ወዲህ ደግሞ የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር አዋጅ ቁጥር 1237/2013 አንቀጽ 7፣ የአስተዳደር ውል በሕግ ካልተፈቀደ በቀር በግልግል እንዳይታይ የደነገገውን ሳታስቢ እንዳታልፊው። ከፊርማ በፊት አንድ መስመር መሰረዝ፣ ከፊርማ በኋላ ዓመታት የሚፈጅ የሥልጣን ክርክር ያስቀራል።

የችሎቱ ሥራ ለአንቺ አዲስ አይሆንም። አዲስ የሚሆንብሽ ማስረጃው በእጅሽ አለመሆኑ ነው። ለመሬት ክፍሉ «ማስረጃው ይላክልን» ብለሽ ትጽፊያለሽ፤ መልሱ ከቀጠሮው በኋላ ይደርሳል። መጥሪያ ወደ ሌላ ክፍለ ከተማ መዝገብ ቤት ገብቶ ሲያንቀላፋ መዝገቡ አስተዳደሩ በሌለበት ይታያል። ደብዳቤውን ጻፊ፣ ግን ራስሽም ሂጂ። ማኅደሩን በእጅሽ ገልጪው፣ ቃለ ጉባኤዎቹን ከመጀመሪያው ገጽ አንብቢ። የመዝገብ ቤት ሠራተኞችን አክብሪያቸው፤ የት ምን እንዳለ የሚያውቁት እነሱ ናቸው፣ ብዙ ጊዜም ከአስተዳደሩ ሁሉ የማይመሰገኑት እነሱ ናቸው።

አሁን ወደ ሕሊናው ጥያቄ ልምጣ። ትልቁ ፈተና የተረታ ጉዳይን እስከ ሰበር ድረስ መጎተት እንጂ፣ ብዙዎች እንደሚያስቡት ጉቦ አይደለም። ጉዳቱ በእርግጥ ደርሷል፣ ጥፋቱም የአስተዳደሩ ነው፤ ሁሉም ያውቃል። ታዲያ ለምን አይታረቁም? ነገረ ፈጁ ስለሚፈራ። የታረቀ ሰው «ምን በልቶ ነው?» ይባላል፤ ይግባኝ ብሎ የተረታ ሰው ግን «ታግሏል» ይባላል። በዚህ ፍርሃት ምክንያት አንድ ተጎጂ ለዓመታት ይመላለሳል፣ ከተማውም በመጨረሻ ካሳውን ከወለድና ከወጪ ጋር ይከፍላል። ይህ ያሳዝነኛል፤ በዝምታም አላልፈውም። መፍትሔው ብቻሽን አለመወሰን ነው። የክርክሩን ደካማ ጎን፣ ሊፈረድ የሚችለውን መጠን፣ በዕርቅ ቢያልቅ የሚድነውን ገንዘብ በስሌት አስቀምጠሽ በጽሑፍ አቅርቢ፤ የሚወስነው የበላይ አካል በቃለ ጉባኤ ይወስን። ዕርቁ በፍርድ ቤት እንዲመዘገብ አድርጊ። እንዲህ የተዘጋ መዝገብ ማንም ቢመረምረው አያሳፍርሽም።

የይርጋ፣ ማለትም ክስ የማቅረቢያው ጊዜ አልፏል የሚል፣ መቃወሚያም አለ። ከውል ውጭ ለሚደርስ ጉዳት የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2143 ሁለት ዓመት ይላል፤ ጊዜው ካለፈ መቃወሚያውን ማንሳት ግዴታሽ ነው፣ የሕዝብ ገንዘብ ነውና። ነገር ግን ተጎጂው ሁለቱን ዓመት የጨረሰው የአስተዳደሩ ቢሮዎች «ነገ ና» ሲሉት ከሆነ፣ መቃወሚያውን ከማንሳትሽ በፊት ይህንኑ ለኃላፊዎችሽ ጽፈሽ አሳውቂ። እኔ እንዲህ ባሉ ጉዳዮች ላይ ዕርቅን ነው የማቀርበው።

«አይቻልም» ማለት ሲኖርብሽ በቃል ብቻ አትበዪ። በቃል የተባለ «አይቻልም» ከስብሰባው በኋላ «የሕግ ክፍሉ ተስማምቷል» ሆኖ ይወጣል። ጻፊው፣ የመዝገብ ቤት ቁጥር ይሰጠው፣ ቅጂው በእጅሽ ይቅር። ከሥሩ ሕጋዊውን መንገድ አሳዪ፤ ኃላፊው የሚፈልገው መንገዱ እንዲሠራ ነው፣ በሕግ የሚሠራበትን መንገድ ካገኘሽለት ሁልጊዜ ይመለስልሻል። ማስረጃ ደብቂ፣ ያልሆነውን ሆነ ብለሽ መልስ ጻፊ ከተባልሽ ግን አትጻፊ። በፍርድ ቤት ያለሽ ስም የአንቺ ብቻ አይደለም፤ ከአንቺ በኋላ የሚቆመው ባልደረባሽም የሚታመነው በእሱ ነው።

ለቃለ መጠይቅ ስትሄጂ አንቺም ጠይቂያቸው። የሕግ ክፍሉ አስተያየት የሚጠየቀው ከእርምጃ በፊት ነው ወይስ ክስ ሲመጣ? በዕርቅ ለመጨረስ ማን ነው የሚወስነው? አንድ ነገረ ፈጅ በአንድ ጊዜ ስንት መዝገብ ይይዛል? ለመጀመሪያው ጥያቄ «ክስ ሲመጣ እንልክልሻለን» ካሉሽ ያንን ቦታ አልመክርሽም። ከመፈረምሽ በፊት ደግሞ በአስተዳደሩ ላይ ክስ ያላቸውን የቀድሞ ደንበኞችሽን በዝርዝር ጻፊ፤ በእነሱ መዝገብ በየትኛውም ወገን እንደማትቆሚ አስቀድመሽ በደብዳቤ አሳውቂ፣ ደብዳቤው መድረሱንም አስፈርሚ።