ከሂሳብ ክፍል ወደ ሶፍትዌር፦ መልቀቂያ ከማስገባትዎ በፊት የግዴታ ውሉን ያንብቡ

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 42 ነው። በአንድ የግል ድርጅት በሂሳብ ሠራተኛነት 11 ዓመት አገልግያለሁ፤ ደመወዜ 18,000 ብር ነው። ከሁለት ዓመት ከአራት ወር በፊት ድርጅቱ 45,000 ብር ከፍሎ የሂሳብ ሶፍትዌር ሥልጠና ሰጥቶኛል፤ በምላሹ ሦስት ዓመት ለማገልገል ፈርሜያለሁ። ማታ ማታ ፕሮግራሚንግ ተምሬ አሁን አንድ የሶፍትዌር ድርጅት በጀማሪነት ሊቀጥረኝ ፈቃደኛ ሆኗል፤ «ቶሎ ጀምር» እያሉኝ ነው። ብለቅ ገንዘብ ይጠይቁኛል? ደመወዜን መያዝ ይችላሉ? ሥራ ላይ እያለሁ የጻፍኩትን የዕቃ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ለአዲሱ ቀጣሪ ማሳየትስ እችላለሁ?

መልስ፦ መልቀቅ ይችላሉ፤ የሥልጠና ግዴታ ያለበት ሠራተኛም በግድ እንዲሠራ አይደረግም። ጥያቄው መልቀቁ ምን ያህል ያስከፍልዎታል ነው። እርስዎ ያሰቡት ለሥልጠናው የሚመለሰውን ገንዘብ ብቻ ነው፤ በእኔ አስተያየት ትልቁ ኪሳራ ሌላ ቦታ ተቀምጧል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 39 አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለገለ ሠራተኛ በራሱ ፈቃድ ሲለቅም የሥራ ስንብት ክፍያ እንዲያገኝ ይፈቅዳል። ነገር ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለ፦ ከሥልጠና ጋር በተያያዘ አሠሪውን የማገልገል የውል ግዴታ የሌለበት መሆን አለበት። እርስዎ ዛሬ ስምንት ወር ይቀርዎታል። ስለዚህ ዛሬ መልቀቂያ ቢያስገቡ 11 ዓመት ማገልገልዎ ብቻውን አያድንዎትም።

ሂሳቡን በሙያዎ ስለሚያውቁት በቁጥር እንየው። በአንቀጽ 40 መሠረት ለመጀመሪያው ዓመት የመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዝ በ30 ተባዝቶ ይከፈላል፤ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት ደግሞ የዚህ አንድ ሦስተኛ ይጨመራል፤ ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። ቀለል ለማድረግ የወር ደመወዝዎን የ30 ቀን ክፍያ አድርገን ብንወስድ የመጀመሪያው ዓመት 18,000 ብር፣ ቀሪዎቹ አሥር ዓመታት በየዓመቱ 6,000 ብር ናቸው። ድምሩ 78,000 ብር። በሌላ በኩል የግዴታ ውልዎ ወጪውን ባልተገለገለበት ጊዜ ልክ የሚያስከፍል ከሆነ ከ36 ወር የቀረው 8 ወር ነው፤ ከ45,000 ብር ላይ የሚደርስብዎ 10,000 ብር ይሆናል። ለ10,000 ብር ዕዳ ተብሎ 78,000 ብር ሲቀር ያሳዝናል፤ ሠራተኛው የሚያውቀው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ደብዳቤውን ካስገባ በኋላ ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ይገልብጡት። መልቀቂያ ከመጻፍዎ በፊት የግዴታ ውሉን ቅጂ ያውጡና ሦስት ነገር ይፈልጉ፦ ገንዘቡ የሚመለሰው ሙሉ በሙሉ ነው ወይስ በቀረው ጊዜ ልክ፤ ከወጪው ሌላ መቀጫ ተጽፏል ወይ፤ ሦስት ዓመቱ የሚቆጠረው ከፊርማው ቀን ነው ወይስ ሥልጠናው ካለቀበት። የመጨረሻው ብዙ ሰው ያሳስታል፤ ሥልጠናው አራት ወር ከፈጀ ግዴታዎ እርስዎ ከሚያስቡት ቀን በአራት ወር ሊዘገይ ይችላል። ለሥልጠናው በእርግጥ የወጣውን የሚያሳይ ደረሰኝም ይጠይቁ። ውሉ «ሙሉ ወጪውን ይመልሳል» የሚል ከሆነ ክርክሩ ይከብዳል፤ ያኔ መደራደር ይሻላል።

ከዚያ ሁለት መንገድ አለ። አዲሱ ቀጣሪ የሚታገስ ከሆነ ስምንቱን ወር ጨርሶ መልቀቅ፤ ይህ ከሁሉ ንጹሕ ነው። የማይታገስ ከሆነ የቀረውን ወጪ ከፍለው የማገልገል ግዴታው ማብቃቱን በማኅተም በተደገፈ ደብዳቤ ማስጻፍ፣ መልቀቂያውን ከዚያ በኋላ ማስገባት። የደብዳቤው ቀን ከመልቀቂያው ቀን መቅደም አለበት። በቃል «ችግር የለም፣ እንተውልሃለን» ማለት ክርክር ሲነሳ አይቆምም። የ10,000 ብሩን ወጪ አዲሱ ቀጣሪ እንዲሸፍን መጠየቅም ነውር የለውም።

አሠሪው «ጡረታ ከፍለንልሃል፣ ስንብት የለህም» ሊል ይችላል፤ አንቀጽ 39 የሚናገረው የጡረታ መብት ስለሌለው ሠራተኛ ነውና መከራከሪያው ከዚያ ይመጣል። መልስዎ መዋጮ መከፈሉ አንድ ነገር፣ ሲለቁ ጡረታ የሚከፈልዎ መሆኑ ሌላ ነገር መሆኑ ነው። በ42 ዓመት ሲለቁ ጡረታ አይጀምርልዎትም። እግረ መንገድዎን የሠራተኛ 7 በመቶና የአሠሪ 11 በመቶ መዋጮ በየወሩ መግባቱን ያረጋግጡ፤ ያልገባ ወር ካለ ቀጣሪው አጠገብዎ እያለ መጠየቅ ይቀላል።

ወደ ማስጠንቀቂያው እንምጣ። በአንቀጽ 31 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ይለቃል። ከዘጠኝ ዓመት በላይ ላገለገለ ሠራተኛ የሚሰጠው የሦስት ወር ማስጠንቀቂያ አሠሪው ሲያሰናብት ነው፤ በእርስዎ ላይ አይሠራም፤ ቢሉዎትም አይቀበሉ። ደብዳቤው በጽሑፍ ይሁን፣ ለመዝገብ ቤት ገቢ አድርገው በራስዎ ቅጂ ላይ ቀንና ፊርማ ያስደርጉ፤ ቀኑ የሚቆጠረው ከሰጡበት ማግስት ካለው የሥራ ቀን ጀምሮ ነው። «ቶሎ ጀምር» የሚልዎትን ድርጅት ይህን ያህል ያስታግሱት። ሳይጠብቁ ቢሄዱ በአንቀጽ 45 ከ30 ቀን ደመወዝ ያልበለጠ ካሳ ሊከፍሉ ይችላሉ፤ ይህም ከቀሪ ክፍያዎ ላይ ይነሳል።

ደመወዝ መያዝን በተመለከተ፦ ከደመወዝ መቀነስ የሚቻለው ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የእርስዎ የጽሑፍ ስምምነት ሲኖር ነው፤ ያም ሆኖ ከወር ደመወዙ ከአንድ ሦስተኛ አያልፍም። የመጨረሻ ክፍያዎ ውሉ በተቋረጠ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለበት፤ ያለበቂ ምክንያት ከዘገየ ፍርድ ቤት እስከ ሦስት ወር ደመወዝ ሊያስከፍል ይችላል። ነገር ግን እርስዎ የሂሳብ ሰው ነዎት፤ የሂሳብና የንብረት ርክክብን ራስዎ ካዘገዩ የሰባት ቀኑ ገደብ አይሠራልዎትም። ስለዚህ በማስጠንቀቂያው ወር የካዝና ቆጠራውን፣ ያልተዘጉ ሂሳቦችን፣ ደረሰኝና ቼክ ደብተሮችን፣ ላፕቶፑንና የይለፍ ቃሎችን በዝርዝር ጽፈው ተረካቢ ያስፈርሙ። ዋስ ካለዎት የዋስትናው ሰነድ መውረዱም በክሊራንሱ ይታይ። ያልተጠቀሙበት የዓመት ፈቃድም በገንዘብ ይከፈላል፤ በ11 ዓመት አገልግሎት የዓመቱ ድርሻ 21 የሥራ ቀን ነው፦ ለመጀመሪያው ዓመት በሚሰጠው 16 የሥራ ቀን ላይ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ከሥራ ውሉ መቋረጥ የሚመነጭ የክፍያ ጥያቄ በስድስት ወር ይርጋ (የመክሰሻ ጊዜ ገደብ) ይዘጋል፤ «ይከፍሉኛል» እያሉ ይህን አያሳልፉ።

ስለ ፕሮግራሙ፦ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራም ጥበቃ ያለው ሥራ ነው። በሥራ ግዴታዎ የጻፉት ከሆነ ተቃራኒ ውል ከሌለ በስተቀር የኢኮኖሚ መብቱ (ከሥራው ገንዘብ የማግኘት መብት) የአሠሪው ነው። ኮዱን በፍላሽ ገልብጠው ወደ ቤት መውሰድ ወይም ጊትሀብ ላይ (ኮድ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ) መጫን ስለዚህ አይመከርም፤ ውስጡ የደንበኛና የዋጋ መረጃ ካለ ደግሞ ይብሳል። ማድረግ የሚችሉት ያንኑ ሐሳብ ከባዶ፣ በራስዎ ኮምፒዩተር፣ እውነተኛ ባልሆነ የሙከራ መረጃ እንደገና መጻፍና እሱን ማሳየት ነው። ጀማሪ ለሚቀጥር ሰው ይህ ይበቃል። በኋላ በትርፍ ጊዜዎ ለደንበኛ በትእዛዝ ሲጽፉም ደንቡ ያው ነው፤ መብቱ ለአዛዡ ይሄዳል፣ ስለዚህ «ለናሙና የማሳየት መብት» የሚል አንድ መስመር ውሉ ውስጥ ያስገቡ። ከለቀቁ በኋላ በቀድሞው የይለፍ ቃል ገብቶ «አንድ ነገር ልይ» ማለት ደግሞ በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለፈቃድ መግባት ነው፤ የእስራት ቅጣት አለው።

አዲሱን ውል ሲፈርሙ የሙከራ ጊዜውን ይመልከቱ። በጽሑፍ መሆንና ከ60 የሥራ ቀናት አለመብለጥ አለበት። በዚያ ጊዜ ውስጥ ለሥራው ብቁ አልሆኑም ከተባለ ያለማስጠንቀቂያና ያለስንብት ክፍያ ሊያሰናብቱዎት ይችላሉ፤ ያለፈው 11 ዓመት እዚያ አይቆጠርም። በሳምንት አምስት ቀን የሚሠራ ድርጅት ከሆነ 60ው ቀን ሦስት ወር ገደማ ነው። የስንብት ክፍያው ለዚያ ጊዜ መሸጋገሪያ ሊሆንዎ ይችላልና የግዴታ ውሉን ጉዳይ ሳይጨርሱ ቀን አይቁረጡ።